ሐሳቡን የሰጡኝ እማዬ ከሥራ ወጡ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምዱን ሁሌም አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የማሸጊያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት ሥራ አስኪያጃችን ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ የካይዘን አስተባባሪ አንቺ ነሽ» አለኝ። ካይዘን ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል ዘዴ ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍላችን ውስጥ ለዓመታት ሲያናድዱኝ የቆዩ ነገሮች ነበሩ።

ከሁሉም የባሰው መሃል ላይ የተከመረው አሮጌ ብረት ነው። የተበላሸ ሚዛን፣ የወለቀ ሞተር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቧንቧ። ባዶው ከረጢት የሚቀመጠው ከክምሩ ማዶ ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ ያቀብላል። ያ ሰው እማዬ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁላችንም እማዬ ነው የምንላቸው። ስድስት ዓመት ከረጢት አቀብለዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ልጄ፣ ይሄ ብረት ቢነሳ እኮ ከረጢቱ እዚሁ እጃችሁ ሥር ይሆናል። የኔም እግር ያርፋል» አሉኝ።

ብረቱን አስነሳሁት። ወለሉ ተቀባ፣ መስመር ተሠመረ፣ ከረጢቱ ከመስፊያ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ። በሁለት ፈረቃ የምንጨርሰውን ትዕዛዝ በአንድ ፈረቃ ተኩል ጨረስን። ሪፖርት ጻፍኩ። ሪፖርቱ ላይ «ከረጢት የማቀበል ሥራ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብዬ ጻፍኩ። ሥራው አያስፈልግም ማለቴ ነበር እንጂ እማዬ አያስፈልጉም ማለቴ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት እማዬና አንድ ወጣት ጫኝ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጡ» ተባሉ። የቀን ሠራተኞች ናቸው ተብሎ በቃ። አሁን ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው።

እማዬ አሁን በሩ ላይ ሳምቡሳና ሻይ ይሸጣሉ። ጠዋት ሲያዩኝ «ደህና አደርሽ ልጄ?» ይሉኛል፣ እንደ ድሮው። ይህን አልቻልኩትም። ካለፈው ወር ጀምሮ በኋላ በር ነው የምገባው።

ውስጥ ደግሞ ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። ስብሰባ ስጠራ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላሉ። ማሽን ያስተማሩኝ የጥገና ክፍሉ ጋሼ እንኳ ቀና ብለው አያዩኝም። የመስፊያው ክር በየሰዓቱ ይበጠሳል፣ የሚቀደደው ከረጢትም በዝቷል፣ ግን ማንም ምንም አይለኝም። የሐሳብ መስጫ ሳጥኑን ስከፍት አንዲት ወረቀት ብቻ አገኘሁ። «ቀጥሎ ማንን ልታስወጪ ነው?» ይላል።

በሚቀጥለው ወር ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ከሠራተኛ የመጡ ቢያንስ አሥር ሐሳቦች ይፈልጋል። አንዷ ጓደኛዬ «አቦ ምን ታስጨንቂያለሽ፣ ራስሽ ጽፈሽ የሰው ስም አስገቢበት» አለችኝ። እናቴን የማስተዳድረው፣ ወንድሜንም ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሥራውን ልልቀቀው? ወይስ ጓደኛዬ እንዳለችው ላድርግ? እማዬንስ በየትኛው ዓይኔ ልያቸው?

ከሳቢያን

---

እህቴ፣ በኋላ በር መግባት ጀመርኩ ያልሽው ላይ ስደርስ ማንበቤን ለአፍታ አቆምኩ። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የበደላቸው የመሰለውን ሰው ደግነት መቀበል ሲከብደው ነው። ቢቆጡሽ ኖሮ ይቀልልሽ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ» ይሉሻል።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እጀምራለሁ። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብዬ ላልፍ እችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። እማዬን ያሰናበትሻቸው አንቺ አይደለሽም፤ የማሰናበት ሥልጣንም የለሽም። ሌላው ግማሽ ግን ያንቺ ነው፤ «ሥራው አያስፈልግም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሪፖርቱን ስታስገቢ የተረፈው ጊዜና የተረፈው ጉልበት ምን ላይ እንደሚውል ማንንም ጠይቀሽ ነበር? አልጠየቅሽ ይሆናል። በሦስት ቀን ሥልጠና ማንም ይህን ጠይቂ ብሎ አላስተማረሽም። ጸጸትሽ እየነገረሽ ያለው ይህንኑ ይመስለኛል። አታባርሪው፤ ይጠቅምሻል። ግን እሱን ይዘሽ በኋላ በር አትሩጪ።

እማዬ ዘንድ ሂጂ። ጠዋት ሰው ሲጋፋ፣ ሻይ እየገዛሽ አይሁን። ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሄደሽ በርጩማ ስበሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ብዙ ቃል አያስፈልግሽም። «እማዬ፣ ብረቱ ይነሳ ያሉት እርስዎ ነበሩ። ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩት። ስምዎን አላነሳሁም፣ ምን እንደሚከተልም አልጠየቅሁም። ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። ከዚያ ዝም በይና አድምጪ። ምናልባት «ተይው ልጄ፣ የእግዜር ነው» ይሉሽ ይሆናል። ምናልባት ያለቅሳሉ። ወደ ሥራ እመልስዎታለሁ ብለሽ ግን ቃል እንዳትገቢ። የማትሞይውን ተስፋ መስጠት ሌላ በደል ይሆናል።

ቃል ባትገቢም ይዘሽላቸው የምትሄጂው ነገር አለ። ስድስት ዓመት አንድ ቦታ የሠራን ሰው «የቀን ሠራተኛ» ብሎ መጥራት ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጠረው። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ሕጉ ራሱ በዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ነው፤ ያውም በጽሑፍ። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚባልም አለ። ለእማዬ ከእነዚህ የደረሳቸው ነገር አለ? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም፤ ያልነገርሽኝ ስላልነበረ ይመስለኛል። እንግዲህ ቀኑን ቁጠሪ። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም። ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው ብለሻል። የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የከተማው ቢሮ አለ፤ ፋብሪካችሁ ውስጥ ማኅበር ካለም የማኅበሩ ሊቀመንበር አለ። መክሰስ አለመክሰስ የእሳቸው ውሳኔ ነው። ወጣቱንም አትርሺው። አንቺ መብታቸውን ንገሪያቸው፤ ከፈለጉም ባጃጅ ይዘሽ እስከ ቢሮው በር አድርሻቸው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። ክፉ አስባ አልመሰለኝም፤ ስትጨነቂ አይታ ላቅልልላት ብላ ነው። ቢሆንም አታድርጊው። ምክንያቴ ውሸት ነውር ነው የሚለው ብቻ አይደለም። አስቢው እስኪ። አሥር ሐሳብ ጽፈሽ በአንዱ ላይ የጋሼን ስም አስገባሽ እንበል። ያ ሐሳብ ነገ አንድ ሰው ቢያስቀንስ ጋሼ ያላሉትን ነገር ተሸክመው ይኖራሉ። አሁን ሰው የሚጠረጥርሽ ባልዋልሽበት ነው። ያን ጊዜ ግን ጥርጣሬው እውነት ይሆናል።

ደግሞ ሠራተኛው ይህን አይነት ነገር አይቶ ያውቃል። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት የቆየ ሰው ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ ሲመጣ አይቷል፣ ውጤት ተኮር ሲመጣ አይቷል፣ አንድ ለአምስት ሲደራጅ አይቷል። ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ገምጋሚ ይመጣል፣ ወረቀቱ ፀሐይ እየበላው እዚያው ይቀራል። እኔ እነዚህ ሁሉ ከንቱ ነበሩ አልልም። በትክክል የተሠራባቸው ቦታዎች አውቃለሁ። ግን ሰዉ «ይሄም ያልፋል» ማለትን ተምሯል። አንቺ ብረቱን ስታስነሺ ያመኑሽ ለዚህ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው የሚታይ፣ እግራቸውን የሚያሳርፍ ነገር ስላዩ ነው። ያ እምነት ነው የተጎዳው።

ካይዘን የጃፓን ቃል ነው፤ «ካይ» ለውጥ፣ «ዜን» መልካም። እኛ ዘንድ የገባው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በጃፓን እርዳታ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባሉ 30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፣ ከዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የሥራ ቦታ ማስተካከያ የሆኑትን አምስቱን «ማ»ዎች በሥልጠናው በቃልሽ እንደያዝሻቸው እገምታለሁ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ስለ ብክነት የተማርሽውንም አስታውሺ። የተዘረዘሩት ሰባት ናቸው። ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃ ማመላለስ፣ አላስፈላጊ ሂደት፣ የተከማቸ ዕቃ፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴ፣ የተበላሸ ምርት። ዝርዝሩ ውስጥ ሰው የለበትም። የእማዬ መመላለስ ብክነት ነበር፤ እማዬ ብክነት አይደሉም። ሪፖርትሽ ውስጥ ተደባልቀው የገቡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ስሙ ከካይዘን ጋር የሚነሳውን የቶዮታን ታሪክ ብታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባሻል። ታሪኩ የሚጀምረው ከክር ነው። የመሥራቾቹ ቤተሰብ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን ፈልሳፊ ነበር። በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተጠናቀቀው አውቶማቲክ ማሽኑ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ማሽን ላይ አፍጥጦ መዋሉ ቀረ። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ብዙ በሆነበት በእኛ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባቸው ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጁ ኪይቺሮ የመኪናውን ድርጅት መሠረተ። በ1950 ድርጅቱ ገንዘብ አጠረው፣ ሠራተኛ ሊቀንስ ሲል ከባድ አድማ ተነሳ። ሠራተኞች ወጡ፣ ኪይቺሮም ኃላፊነቱን ወስዶ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። የሠራተኞች ሐሳብ የሚቀበሉበትን ሥርዓት የጀመሩት በቀጣዩ ዓመት፣ በ1951 ነው። በ1962 ደግሞ አስተዳደሩና የሠራተኛ ማኅበሩ በመተማመን ላይ የቆመ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ይህን የምነግርሽ ጃፓኖችን ለማወደስ አይደለም። እነሱም በዚያው ቁስል አልፈዋል ለማለት ነው። ሳጥን ማንጠልጠል ብቻውን እንደማይበቃ ያወቁት ዋጋ ከፍለው ነው።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን ማነጋገር አለብሽ። እንደከበደሽ ይገባኛል። ተቆጥተሽ ብትሄጂ እሱም ይቆጣል፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል። እሱ የሚሰማው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ከደብዳቤሽ አንድ መስመር ዓይኔን ያዘው። የሚቀደደው ከረጢት በዝቷል ብለሻል። ከመቼ ጀምሮ? ከእማዬ መውጣት በኋላ ከሆነ ሊሆን የሚችለውን ልገምት። እማዬ ከረጢት ሲያቀብሉ ዝም ብለው አልነበረም የሚያቀብሉት። ስድስት ዓመት በእጅ የዳሰሰ ሰው የሳሳውን፣ ስፌቱ የላላውን፣ አይጥ የነካካውን ሳያስበው ይለያል። ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ማንም አያይለትም። ሥራው «ማቀበል» ተብሎ ስለተመዘገበ ሪፖርትሽ ውስጥ ይህ አልገባም። ግምቴ ልክ ይሁን አይሁን በአንድ ሳምንት ታውቂዋለሽ። በየፈረቃው ስንት ከረጢት ተቀደደ፣ ስንት ኪሎ ዱቄት መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ማሽኑ ስንት ደቂቃ ቆመ? ደብተር ላይ አስፍሪ። ከመጋዘን መዝገብ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት የነበረውን አውጪ።

ከዚያ እንዲህ በይው፤ «እኔ የጻፍኩት ሪፖርት ጎዶሎ ነበር። የከረጢት ማቀበል ሥራ አያስፈልግም ብያለሁ። የከረጢት መፈተሽ ሥራ ግን ነበር፤ አላየሁትም። ይኸው የአንድ ሳምንት ኪሳራ።» የራስሽን ሪፖርት አንቺው ስታርሚ እሱ የተሸነፈ አይመስለውም። ስለዚህ ለመመለስ አይከብደውም። እማዬን ቁጭ ብሎ የሚሠራ የከረጢት ፈታሽ አድርጎ መመለስ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። እግራቸውም ያርፋል። መጀመሪያ የጠየቁትም እሱን ነበር።

ከሥራ አስኪያጁ የምትጠይቂው ሁለተኛው ነገር ደግሞ ወረቀት ይሁን። አንድ ገጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለው። «በሥራ ማሻሻያ ምክንያት ማንም ሠራተኛ ከሥራ አይቀነስም፣ ደመወዙም አይቀነስም፤ ትርፍ የሆነ ጉልበት ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል» የሚል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ይለጠፍ። «ገምጋሚ ሲመጣ አሥር የውሸት ሐሳብ ከማሳየት ይህን ብናሳይ ይሻላል» በይው። እንደሚሻልም አትጠራጠሪ። በፋብሪካ ብዙ የዞረ ገምጋሚ ሠራተኛውን ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ያውቃል።

እምቢ ቢልስ? ሊል ይችላል። ያን ጊዜ አስተባባሪነቱን በትህትና፣ በጽሑፍ መልሺለት። የፈረቃ ኃላፊነትሽን ግን ያዢ። በተናደድሽበት ቀን ሥራ አትልቀቂ። እናትሽና ወንድምሽ ባንቺ እጅ ናቸው። መልቀቁ የማይቀር ከሆነ ሌላ ቦታ አግኝተሽ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ሰጥተሽ፣ ተሰናብተሽ ውጪ። ከልቤ የምነግርሽ ግን፣ መልቀቅ የፈለግሽው ሥራውን ስለጠላሽ አልመሰለኝም። ስለ ቀለሙና ስለ መስመሩ ስትጽፊ እንኳ ደስታሽ ይታያል። ይህን ሥራ ትወጂዋለሽ።

እሺ ቢልስ? እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ላድርግ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወረቀቱ በተለጠፈ ማግስት ስብሰባ ጠርተሽ «እንግዲህ ሐሳብ ስጡ» አትበይ። ዝም ይሉሻል። «ሐሳብ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሰው ያስፈራል፤ ፈተና ይመስላል። «ምን ያደክምሃል? ምን ያናድድሻል?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ በአንድ፣ ሥራው ቦታ ላይ ቆመሽ። በድሬ ሙቀት ከሰዓት ፈረቃ ምን እንደሚመስል ካንቺ በላይ እኔ አልነግርሽም። መጀመሪያ የሚመጣልሽ ስለ ምርት አይሆንም። ውሃው ሩቅ ነው ይሉሻል። መስኮቱ አይከፈትም፣ አቧራው ሳል ሆነብን፣ ከረጢቱን ከመሬት ማንሳት ወገባችንን ጨረሰው ይሉሻል። እነዚህን አስቀድሚ። ውሃውን አቅርቢ። ከረጢቱ ወገብ ድረስ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ አንድ መደብ አሠሪ። ለገምጋሚ የሚያምር ሠንጠረዥ አይወጣውም፤ ቢሆንም ሰው ማሻሻል ማለት ለእሱም እንደሆነ የሚያምነው ያን ጊዜ ነው።

ሳጥኑን አንሺው። እማዬ ሐሳባቸውን የነገሩሽ ምሳ ላይ ነው፤ በአፋቸው። መጻፍ ይችሉ ነበር? በአማርኛ ከመጻፍ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ መናገር የሚቀለው ሠራተኛ ስንት አለሽ? ሳጥን ለእነሱ የተቆለፈ በር ነው። በምትኩ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ስቀዪ። ችግሩ፣ የተናገረው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ስሙ፣ መልሱ የሚሰጥበት ቀን ይጻፍበት። ለእያንዳንዱ በሳምንት ውስጥ መልስ ስጪ። «አይሆንም» ከሆነም ለምን እንደማይሆን ንገሪያቸው። ሰው እምቢታን ይችላል። ችላ መባልን ነው የማይችለው።

ከዚያ አንድ ችግር ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን ክሩን እመርጥ ነበር። በየሰዓቱ ይበጠሳል ብለሻል፤ ስለዚህ ሁሉንም ያናድዳል። ጋሼን ሰው ባለበት ሳይሆን ለብቻቸው ሄደሽ ለምኛቸው፤ «ማሽን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ክር አብረውኝ ይዩልኝ» በያቸው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ከኩርፊያው የሚመለሰው በማስረዳት አይደለም፤ እውቀቱ ሲፈለግ ነው። ከዚያ ማሽኑ አጠገብ ቆማችሁ አምስት ጊዜ «ለምን?» በሉ። ለምን ተበጠሰ? ምናልባት መርፌው ደንዝዟል። ለምን ደነዘዘ? የሚቀየረው ሲሰበር ብቻ ነው። ለምን? መለዋወጫው መጋዘን ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ለምን? ከዚህ በፊት ጠፍቶ ያውቃል። ለምን ጠፋ? ሲወጣ የሚመዘገብበት ደብተር የለም። ይህ ምሳሌ ነው፤ የእናንተ መንገድ ሌላ ቦታ ሊያደርሳችሁ ይችላል። ምናልባት ክሩን ከርካሽ አቅራቢ ገዝታችሁ ይሆናል። ምናልባት ሙቀቱና አቧራው ይሆናል። ግን ልብ በይ፣ ከአምስቱ ጥያቄ አንዱም «ማን?» አይልም። «ማን?» የሚለው የተነሳ ለት ሁሉም ዳግም ዝም ይላል።

ክሩ ሲስተካከል ሪፖርት ትጽፊያለሽ። አሁን ግን በሁለት ነገር ከፊተኛው ይለያል። ሐሳቡ ከማን እንደመጣ በስም ይኑርበት፣ ሰዎቹ ፈቅደው። የተረፈው ጊዜ ምን ላይ እንደሚውል ደግሞ እዚያው ይጻፍ፤ ለጽዳት፣ ለማሽን ቅባት፣ አዲሱን ልጅ ለማሠልጠን። ባዶ ቦታ አትተይ። ባዶውን ቦታ የሚሞላው ሌላ ሰው ነው፤ ከዚህ በፊት እንደሆነው።

በአንድ ወር አሥር ሐሳብ አይሞላልሽም። ምናልባት ሦስት ይሆናል። ሦስት ይዘሽ ቅረቢ። ሥራ አስኪያጁ ቢያኮርፍ ይኩርፍ፤ ሦስቱ እውነት ናቸው፣ ሠራተኛው ራሱ ቆሞ ያስረዳቸዋል።

ስለ ሰዉ ጥርጣሬ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «ቀጥሎ ማንን ልታስወጪ ነው?» ብሎ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ አትሞክሪ። የእጅ ጽሑፍ አታመሳስዪ። ያ ወረቀት ጠላትነት አልመሰለኝም። ፈርቶ ነው የጠየቀሽ፤ አንቺን መጠየቅ እንደሚቻል ግን አሁንም ያምናል። መልሱን በስብሰባ ላይ፣ በግልጽ ስጪው። «ይህ ጥያቄ ደርሶኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ሪፖርት ጽፌ ሁለት ሰው ተጎድቷል። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት በእኔ እጅ አይወጣም» በያቸው። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለውም።

ከሁሉ በፊት ግን እማዬ ዘንድ ሂጂ። ደብተሩም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ክሩም አንድ ሳምንት ይጠብቃሉ። ሦስት ወሩ ግን አይጠብቅም። እማዬና ወጣቱ ከሥራ የወጡበትን ትክክለኛ ቀን ዛሬውኑ ከፈረቃ መዝገብሽ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። ቢሮው ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።